ከሰባራ ድልድይ እስከ መዋኛ ገንዳ

ጎጃም ማለት ዓባይ የዞረው አገር ማለት ነው። ወንዙ ባሕር ዳር አጠገብ ከጣና ሐይቅ ይወጣና በመጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ ወደ ደቡብ፣ በመጨረሻም ወደ ምዕራብ እየታጠፈ አገሩን በሦስት ወገን ከቦ ወደ ሱዳን ይወርዳል። ሞጣ በሰሜን ቤጌምድርን፣ ብቸና በምሥራቅ ወሎን እየተመለከቱ ሁለቱም ደጋ ላይ ተቀምጠዋል። በእነርሱና በጎረቤቶቻቸው መካከል ያለው ወንዝ ብቻ አይደለም፤ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 1,500 ሜትር የሚጠልቅ ሸለቆ ነው። በጠራ ቀን የማዶው አገር ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ተጣርቶ የሚያሰሙት ያህል ቅርብ ይመስላል። ለመድረስ ግን ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ውኃውን አልፎ፣ ደግሞ ዳገቱን መውጣት ያስፈልግ ነበር።

ከዚህም የተነሣ በብቸናና በሞጣ ቆላዎች መዋኘት ከጨዋታነቱ ይልቅ ሙያነቱ ያመዝን ነበር። ልጆች በኩሬና በጅረት መንቦጫረቃቸው በየትም አገር ያለ ነው። ዓባይን እየተሻገረ ሰውና ዕቃ የሚያሻግር ዋናተኛ ግን ሌላ ሰው ነው። ገበያተኛው፣ ነጋዴው፣ ከማዶ ዘመድ ሞቶበት ለልቅሶ የሚሄደው፣ ሁሉም በእርሱ ክንድና በእርሱ ዓይን ይተማመን ነበር። ማዕረግ አልነበረውም፤ ሜዳልያም የሸለመው የለም። የሙያው ማረጋገጫ ማዶ መድረሱ ነበር።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ከተካፈለችበት ጊዜ ጀምሮ በኦሊምፒክ ጨዋታ ስሟ በሩጫ ገንኗል። አራት ዋናተኞች እየተቀባበሉ በሚወዳደሩበት በነፃ ቀዘፋ ቅብብል ግን አንድም ጊዜ ቡድን አሰልፋ አታውቅም። እንዲህ ያለ ታላቅ ወንዝ የከበበው ሕዝብ ያለበት አገር ስለ ምን አራት ዋናተኞች ማሰለፍ ተሳነው? ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ «ባሕር ስለሌለን ነው» የሚል ነው። መልሱ ለአፍ ይቀላል እንጂ ቢፈትኑት አይጸናም። ባሕር የሌላቸው አገሮች በዋና የታወቁበት ታሪክ አለና፣ ከእነርሱም ዋነኛዋ ሐንጋሪ ናት።

የሐንጋሪው አልፍሬድ ሃዮሽ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለ አባቱ በዳኑብ ወንዝ ሰጥሞ ሞተ። ልጁም ከዚያ ወዲያ ጥሩ ዋናተኛ ለመሆን ቆርጦ ተነሣ። እ.ኤ.አ. በ1896 የመጀመሪያው ዘመናዊ የኦሊምፒክ ጨዋታ በአቴና ሲደረግ ዋናው የተካሄደው በፒሬዎስ አጠገብ በተከፈተ ባሕር ላይ ነበር። በሚያንቀጠቅጥ ብርድ ሃዮሽ ሰውነቱን ስብ ተቀብቶ ገባና የ100 ሜትሩንም የ1,200 ሜትሩንም ውድድር አሸነፈ። በሁለተኛው ውድድር ያስጨነቀው ከማሸነፍ ይልቅ በሕይወት መውጣቱ እንደነበረ ኋላ ተናግሯል። አባቱን ወንዝ የወሰደበት ሰው ይህን ቢል አያስደንቅም።

የሃዮሽ ታሪክ በዚህ አያበቃም። ሰውየው የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ሆኖ በቡዳፔሽት ከተማ በማርጊት ደሴት ላይ እ.ኤ.አ. በ1930 የተከፈተውን ብሔራዊ መዋኛ የነደፈው እርሱ ነው። ደሴቲቱ የምትገኘው በዳኑብ መካከል ነው። አባቱ የሰጠመበት ወንዝ በግራና በቀኝ እያለፈ፣ በመካከሉ ጸጥ ያለና የተለካ ውኃ ለአገሩ ልጆች አበጀላቸው ማለት ነው። ወንድሙ ሄንሪክም እ.ኤ.አ. በ1906 በአቴና በተደረገው ጨዋታ በ4 ጊዜ 250 ሜትር የነፃ ቀዘፋ ቅብብል ካሸነፉት አራት ሐንጋሪያውያን አንዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 በሄልሲንኪ ደግሞ ኢሎና ኖቫክ፣ ዩዲት ቴሜሽ፣ ኤቫ ኖቫክና ካታሊን ሶኬ የሴቶቹን 4 ጊዜ 100 ሜትር የዓለምን ክብረ ወሰን ሰብረው አሸነፉ። ከአራቱ ሁለቱ እኅትማማቾች ናቸው።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። የውድድር ዋና ራሱ የወንዝና የባሕር ልጅ ነበር። በ1896 ባሕር ላይ የተደረገው ውድድር በ1900 በፓሪስ በሴን ወንዝ ውስጥ ተካሄደ፤ ዋናተኞቹ ወደ ታች ከሚወርደው ውኃ ጋር ስለተጓዙ ሰዓታቸው ከልክ በላይ ፈጥኖ ተመዘገበ። በ1904 በሴንት ሉዊስ በሰው ሠራሽ ሐይቅ ላይ ሆነ። በገንዳ ውስጥ የተደረገው በ1908 በለንደን ነው፤ 100 ሜትር የሚረዝም ገንዳ በስታዲዮሙ ውስጥ፣ ከመሮጫው መም ወዲህ ተሠርቶ ነበር። ዋና በትክክል የሚለካ ውድድር የሆነው ከወንዙ በወጣ ጊዜ ነው። የዓባይ ዳር ዋናተኛ ግን ከወንዙ የሚወጣበት ገንዳ አልነበረውም። የልዩነቱ ሥር እዚህ ላይ ነው።

የወንዙ ጥበብ ከገንዳው ጥበብ እጅግ የተለየ ነው። በገንዳ የሚዋኝ ሰው ፊቱን ውኃ ውስጥ ነክሮ፣ ከታች የተሠመረውን መሥመር እየተከተለ፣ ኃይሉን ሁሉ ወደ ፊት ይጥላል። ዓባይን የሚሻገር ሰው ይህን ቢያደርግ ከግንድ ወይም ከድንጋይ ጋር ይላተማል። ስለዚህ ራሱን ቀና አድርጎ ይዋኛል። የሚገባበትንና የሚወጣበትን ስፍራ አስቀድሞ በዓይኑ ይለካል፤ ማዶ ሊደርስበት ከፈለገው ቦታ በላይ ብዙ ርቆ ይገባና ወንዙ ወደ ታች ሲወስደው ሳይታገለው በአግድም እየቆረጠ ይሄዳል። ከውኃው ጋር ፊት ለፊት የሚታገል ይደክማል፤ የደከመም ይሰጥማል። ብዙዎች የተነፋ የፍየል አቁማዳ በደረታቸው ሥር ይይዙ ነበር፤ ዕቃም በቁርበት ተጠቅልሎ እየተገፋ ይሻገር ነበር። የጣና ሐይቅ ሰዎች ከደንገል የሚሠሩት ታንኳ በሐይቁና ረጋ ባለው ውኃ እንጂ በገደሉ ውስጥ ባለው ፏፏቴና አለት መካከል አያገለግልም።

ጊዜውን ማወቅም የሙያው ግማሽ ነበር። በበጋ ወራት ውኃው ሲጎድል በእግር የሚሻገሩባቸው መልካዎች ይከፈታሉ። ከሰኔ ጀምሮ ግን ወንዙ ይደፈርሳል፤ በነሐሴ ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ከጮቄ ተራራ የሚነሡት ሱሓና ሙጋን የመሳሰሉት ገባሮች ደግሞ በላይ አገር በዘነበ ዝናብ ብቻ፣ በቆላው ሰማይ ጠርቶ ሳለ፣ ድንገት ይደርሳሉ። ሰው በጉልበቱ ልክ በሆነ ውኃ ገብቶ ከመካከል ሳለ ውኃው አንገቱ ላይ ይደርሳል። «እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ» የሚለው አነጋገር በአገሩ ሰው አፍ የተለመደው ስለዚህ ነው። አዞና ወባም ነበሩ። ደገኛው ወደ ዓባይ ቆላ መውረድን የሚፈራው ከመስጠም ይልቅ አንዳንድ ጊዜ በወባ ምክንያት ነበር።

የጎንደር ዘመን ነገሥታት ይህን ችግር በድንጋይ ሊፈቱት ሞክረዋል። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን፣ በ1620ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች በአላታ ድልድይ ተሠራ። ከሞጣ በስተሰሜን ጎጃምን ከቤጌምድር የሚያገናኘው ሁለተኛው ድልድይ ደግሞ የልጃቸው የዐፄ ፋሲለደስ (1632–1667 እ.ኤ.አ.) ሥራ እንደሆነ ይነገራል። የሚገርመው የእኒህ ንጉሥ ስም ከመዋኛም ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። በጎንደር የፋሲል መዋኛ እየተባለ የሚጠራው ገንዳ ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውኃ ለጥምቀት በዓል ይሞላል፤ ካህናቱ ውኃውን ከባረኩ በኋላ ወጣቶቹ ከግንቡ ላይ እየዘለሉ ይገቡበታል፤ ሌላውን ጊዜ አብዛኛውን ባዶ ሆኖ ይቆያል። በአንድ ንጉሥ ስም ድልድይም መዋኛም ስላለ የሕዝቡ ሁለት ፍላጎቶች ጎን ለጎን ቆመው ይታያሉ፤ አንዱ ውኃውን ሳይነኩ ማለፍ፣ ሁለተኛው ወደ ውኃው በደስታ መግባት። ባለፉት ሦስት መቶ ተኩል ዓመታት ግን ገንዘብም ድካምም የወጣው ለመጀመሪያው ነው። ይህም ስሕተት አልነበረም።

ስሕተት ያልነበረበትን ምክንያት ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በጽሑፉ ትቶልናል። በግንቦት ወር 1770 እ.ኤ.አ. የራስ ሚካኤል ስሑል ሠራዊት ወደ ጎንደር ሲመለስ የሞላውን ዓባይ በላይኛው ሸለቆ መሻገር ግድ ሆነበት። ሠራዊት ማለት በዚያ ዘመን ወታደሩ ብቻ አይደለም፤ ሴቶች፣ አገልጋዮች፣ ሥንቅ የጫኑ በቅሎዎች ሁሉ አብረው ናቸው። ፈረሰኛው በፈረሱ እየዋኘ ገባ፤ ብዙ ሰውና ከብት ውኃው ወሰደው። ብሩስ ያንን መሻገር የማይረሳ ሲል ጽፎታል። በጦርነት ያልተሸነፈ ሠራዊት በወንዝ ተሸነፈ ቢባል ሐሰት አይሆንም።

የሞጣው ድልድይ ሰባራ ድልድይ ተብሎ የቀረው ቅስቱ ስለተሰበረ ነው። እንደሚነገረው የተሰበረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠላት እንዳያልፍበት በአርበኞች ነው። በዚያ ዘመን የብቸና አካባቢ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ አገር ነበር፤ የእርሳቸው አርበኞች በጎጃምና በወሎ መካከል ዓባይን እየተሻገሩ ይዋጉ ነበር። ለወራሪው ግንብ የሆነው ወንዝ ለአገሩ ልጅ በር ነበር ማለት ነው፤ መሻገሪያውን የሚያውቅ ሰው በጠላት ላይ ያለው ብልጫ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ለአምስቱ ዓመት ትግል የጠቀመው ስብራት ከድሉ በኋላ ለስድሳ ዓመታት ያህል የአገሬው ሰው ዕዳ ሆኖ ቀረ።

ሕዝቡ ዕዳውን በገመድ ከፈለው። በተሰበረው ቅስት በአንዱ ጫፍ አሥር ያህል ሰዎች፣ በሌላውም ጫፍ እንዲሁ አሥር ያህል ሰዎች ቆመው ገመድ ይይዛሉ። ተሻጋሪው በገመዱ ይንጠለጠላል፤ የወዲህኞቹ እየለቀቁ፣ የወዲያኞቹ እየሳቡ ያሻግሩታል። ከሥሩ ዓባይ ይገሠግሣል። የወዲያኞቹ ከመሳባቸው በፊት የወዲህኞቹ ቢለቁ ሰውየው ወደ ውኃው ይወርዳል፤ የወዲህኞቹ ሳይለቁ የወዲያኞቹ ቢስቡ ገመዱ ይወጠራል። በመካከል ያለው ሰው ሕይወት የተንጠለጠለው በሁለቱ ወገኖች የእጅ ስምምነት ላይ ነበር። በገንዳ ዋና ቅብብል የሚባለው ነገር መሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም። አንዱ ሳይጨርስ ሌላው መጀመር የለበትም፤ አንዱ ጨርሶም ሌላው መዘግየት የለበትም።

ገመድ በውኃ ላይ ወዳጅም ጠላትም ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 በካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራ የእንግሊዝ ጦር ጓድ ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ድጋፍ አግኝቶ የዓባይን ገደል በጀልባ ለመመርመር በክረምቱ መጨረሻ መጣ። ከአባላቱ አንዱ ኮርፖራል ኢያን ማክላውድ ከገባሮቹ አንዱን ገመድ ታስሮ እየዋኘ ሲሻገር ውኃው አሸነፈው። ጓደኛው ሮጀር ቻፕማን ዘሎ ገብቶ ሊያድነው ሞከረ፤ አልሆነለትም። በደራሽ ውኃ ውስጥ በሰውነት ላይ የታሰረ ገመድ ሲወጠር ዋናተኛውን ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች ይደፍቀዋል። ማክላውድ ጠንካራ ወታደር ነበር፤ ጓዱም የዘመኑ መሣሪያ ሁሉ የተሟላለት ነበር። የጎጃም ገባር ወንዝ ግን ይህን አልቆጠረለትም።

በሰባራ ድልድይ ላይ በገመድ የሚሻገሩት ሰዎች ፎቶግራፍ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት ወጣ። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ሥዕሉን አይቶ ተነሣሣ፤ «ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ» የተባለውን ድርጅትም መሠረተ። ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆነውም በ2002 በተሰበረው ቅስት ላይ የብረት መሻገሪያ ዘረጉ። ብረቱ ብዙ አልቆየም፤ በ2005 ሙላት ወሰደው። በ2009 ከቀድሞው ከፍ ብሎ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ከዚህ አስቀድሞ ደጀንን ከጎሐ ጽዮን በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ የመኪና ድልድይ ተሠርቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በአጠገቡ ሁለተኛው ተከፈተ። ድልድይ በተሠራበት ስፍራ ሁሉ የዋናተኛው ክንድ አላስፈላጊ ሆነ። በዚህ የሚያዝን ሰው ካለ ምናልባት የሰጠመበት ዘመድ የሌለው ነው።

እንዲህ ሆኖ የወንዙ ሙያ ሲያበቃ የገንዳው ሙያ ቦታውን አልተረከበም። ሌሎች አገሮች ላይ ግን ተረክቦ ነበር። ዛሬ ነፃ ቀዘፋ ሲባል ሁሉም የሚዋኘው ክንድን በተራ ከውኃ በላይ እያነሡ የሚቀዝፉበት ዘዴ ከመዋኛ ገንዳ የፈለቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1844 ከኦጂብዌ ሕዝብ የመጡ ሁለት የሰሜን አሜሪካ ነባር ተወላጆች በለንደን ሲወዳደሩ እንግሊዞች የክንዳቸውን አነሣሥ እንደ ነፋስ ወፍጮ ቆጥረው ናቁት፤ በደረት ቀዘፋቸውም ጸኑ። በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ አሊክ ዊክሃም የተባለ የሰሎሞን ደሴቶች ልጅ የአገሩን አዋዋኝ በሲድኒ ሲያሳይ አውስትራልያውያኑ ወዲያው ተማሩት። የሃዋዪው ዱክ ካሃናሞኩ በ1912 በስቶክሆልም በ100 ሜትር አሸነፈ፤ በ1920 በአንትወርፕም ይህንኑ ድል ደግሞ በ4 ጊዜ 200 ሜትር ቅብብል የአሸናፊው ቡድን አባል ሆነ። ከውኃ ጋር የኖረ ሕዝብ ጥበብ ወደ ገንዳው ሲገባ ዓለምን አስተማረ ማለት ነው። የጣናና የዓባይ ሰዎች ጥበብ ያልገባው ጥበቡ ስላነሰ ሳይሆን የሚገባበት ገንዳ በአጠገቡ ስላልነበረ ነው።

የቅብብል ዋና ምን እንደሚጠይቅ መመልከት ነገሩን ይበልጥ ያብራራዋል። በ4 ጊዜ 100 ሜትር ውድድር እያንዳንዱ ዋናተኛ 50 ሜትር በሚረዝመው ገንዳ አንድ ጊዜ ሄዶ ይመለሳል። ተረካቢው በመነሻው መድረክ ላይ ቆሞ ሰውነቱን ወደ ፊት ማወዛወዝ ይችላል፤ ነገር ግን ጓደኛው ግድግዳውን ከመንካቱ በፊት እግሩ ከመድረኩ እንዳይለቅ ሕጉ ያዝዛል። መለኪያው ከሰከንድ መቶኛ ሦስት ብቻ ይታገሣል፤ ከዚያ ካለፈ አራቱም ይሰረዛሉ። ይህ ርክክብ የሚለመደው አራት ሰዎች በአንድ ገንዳ፣ በአንድ አሠልጣኝ ሥር፣ ዓመቱን ሙሉ ሲሠሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 በለንደን የሐንጋሪ ቡድን በ4 ጊዜ 200 ሜትር እየመራ ሳለ የመጨረሻው ዋናተኛ ዞልታን ሃልማይ ጡንቻው ታስሮበት መንገዱን ሳተ፤ እንግሊዛዊው ሄንሪ ቴይለርም አለፈው። የሦስቱን ድካም የአራተኛው ሕመም ወሰደው፤ እርሱም ሆኖ ሁለተኛ ወጡ። በ2008 በቤይጂንግ ደግሞ የተቃራኒው ሆነ። ጄሰን ሌዛክ የመጨረሻውን 100 ሜትር በ46.06 ሰከንድ ዋኝቶ አሜሪካ በ3 ደቂቃ ከ08.24 ሰከንድ ስትገባ ፈረንሳይ በ3 ደቂቃ ከ08.32 ሰከንድ ተከተለች። በዚያ ቡድን ሦስተኛ ሆኖ የዋኘው ከለን ጆንስ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ በአምስት ዓመቱ በመዝናኛ ስፍራ ሊሰጥም ሲል ለጥቂት የተረፈ ልጅ ነበር። እናቱ ከዚህ በኋላ ዋና እንዲማር አደረገችው። እንደ ሃዮሽ ሁሉ የእርሱም የዋና ሕይወት የጀመረው ከውኃ አደጋ ነው። በእኛም አህጉር የደቡብ አፍሪካዎቹ ሮላንድ ስኩማን፣ ሊንደን ፈርንስ፣ ዳርያን ታውንሴንድና ራይክ ኒትሊንግ በ2004 በአቴና ይህንኑ ውድድር በ3 ደቂቃ ከ13.17 ሰከንድ በዓለም ክብረ ወሰን አሸንፈዋል።

በኢትዮጵያ ረጋ ያለና የተለካ ውኃ ለብዙ ዓመታት ሲገኝ የቆየው በጥቂት ስፍራዎች ነው። በአዲስ አበባ በግዮን ሆቴል ግቢ ትልቅ መዋኛ ተሠራ፤ ግዮን በመጽሐፍ የሚታወቀው የዓባይ ስም ነውና የጎጃም ሰው ወንዙን በዋና ከተማው በስሙ ብቻ አገኘው ማለት ይቻላል። በአዋሽ ዳር ሶደሬ በፍል ውኃው ታወቀ። በሞጣና በብቸና ደጋ ግን ውኃው ይቀዘቅዛል፤ በቆላው ወንዙ ለግማሽ ዓመት የሚደፈር አይደለም፤ በጣና ዳርና ዝግ ብለው በሚሄዱ ውኃዎች ደግሞ ብልሃርዚያ ስላለ የጤና ባለሙያ ልጆችን እንዳይዋኙ ቢከለክል ትክክል ነው። ሯጩ መንገድ ይበቃዋል። ዋናተኛው ግን በየቀኑ የሚሞላ፣ የሚጣራ፣ የሚሞቅ ውኃ ያስፈልገዋል፤ ይህም ሁሉ ገንዘብ ነው።

ይህን ያላገናዘበ ሰው እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ዴ ዣኔሮ የሆነውን በትክክል ሊፈርድ አይችልም። ሮቤል ኪሮስ ሀብቴ በመክፈቻው ሥነ ሥርዓት የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ወጣ፤ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋም በ1 ደቂቃ ከ04.95 ሰከንድ ከ59 ተወዳዳሪዎች መጨረሻ ሆነ። የወርቅ ሜዳልያውን ያገኘው አውስትራልያዊው ካይል ቻልመርስ በፍጻሜው የገባው በ47.58 ሰከንድ ነው። የውጭ ጋዜጦች በዋናተኛው ሰውነት ላይ ተሣለቁ፤ በአገር ቤትም አባቱ የዋናው ፌዴሬሽን መሪ በመሆናቸው የአመራረጡ ነገር ብዙ አነጋገረ። ስለ አመራረጡ መጠየቅ ተገቢ ነው። በሰው ሰውነት ላይ መሣለቅ ግን ሌላ ነገር ነው። ወጣቱ ለጋዜጠኞች ሁሉም በሚሮጥበት አገር እርሱ መዋኘት እንደ ፈለገ ተናግሯል፤ ይህ ቃሉ ከሰዓቱ ይልቅ ሊታወስለት ይገባል።

ከእርሱ በፊትና በኋላም የሄዱ አሉ። በ2012 በለንደን ሙሉዓለም ግርማና ያኔት ስዩም፣ በሪዮም ራሔል ፍሥሐ፣ በ2021 በተካሄደው የቶኪዮ ጨዋታ አብዱልማሊክ ሙክታር፣ በ2024 በፓሪስ ሊና አለማየሁ፣ ሁሉም በ50 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ተወዳድረዋል። ርቀቱ ከገንዳው አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ነው፤ መመለስ የለበትም። የዓለም የዋና ማኅበር ሕግ ብቁ የሆነ ሰዓት ያለው ዋናተኛ ለሌላቸው አገሮች አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንዲልኩ ይፈቅዳል። ለቅብብል ግን እንዲህ ያለ ፈቃድ የለም፤ በእያንዳንዱ የኦሊምፒክ ቅብብል የሚገቡት በሰዓታቸው የተመረጡ 16 ቡድኖች ብቻ ናቸው። ስለዚህ ኢትዮጵያዊው ዋናተኛ ወደ ዓለም አደባባይ ሲወጣ ሁልጊዜ ብቻውን ነው። ግድግዳውን ነክቶ ሲያበቃ ከበላዩ ዘሎ የሚረከበው ወገን የለም።

የነገሩ ክብደት ደግሞ በሜዳልያ ብቻ የሚለካ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ሦስት መቶ ሺህ ያህል ሰዎች በውኃ ሰጥመው እንደሞቱ፣ ከአሥሩም ከዘጠኝ የሚበልጡት በዝቅተኛና በመካከለኛ ገቢ አገሮች እንደሆኑ ገምቷል፤ ለትምህርት ቤት ልጆች መሠረታዊ ዋና ማስተማርን ከሚመክራቸው መከላከያዎች አንዱ አድርጎታል። ድልድይ የሚሠራው በታላቁ ወንዝ ላይ፣ ያውም በተመረጠ ስፍራ ነው። ከጮቄ የሚወርዱት ገባሮች ግን ብዙዎች ናቸው፤ በክረምት የሚሞሉትም በአንድ ወር ነው። በሰባራ ድልድይ የተንጠለጠለው መሻገሪያ ላይ ሰው ከብረት ገመዶቹ አንዱን በእጁ እየዳሰሰ፣ እግሩን ሳያረጥብ ወደ ቤጌምድር ያልፋል፤ ከድልድዩ ወርዶ ወደ ቀዬው በሚሄድበት መንገድ የሚያገኘውን ገባር ግን ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ልጁን በትከሻው ተሸክሞ፣ እንደ ድሮው ውኃውን በዓይኑ እየለካ ይሻገረዋል።